ዓሣው ክረምቱን የት ይከርማል?
(ድምፅ ሰጪ መለያ ስለ ዓሣ ጉዞ ምን ሊነግረን ይችላል)

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ መጽሐፍ ሳይሆን አጎቴ ናቸው። አጎቴ የሚኖሩት ከሆሳዕና በስተ ምዕራብ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርድበት አካባቢ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቆሎና ማሽላ ሲያርሱ ኖረው የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ወደ ኋላ ተኝቶ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ መረብ ይዘው ውኃ የገቡ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ባዮሎጂ ነው አሉ የምትማረው። እስቲ ንገረኝ፤ በበጋ መረቤን የሚሞላው ቢልጫ ክረምት ሲገባ የት ነው የሚሄደው?»

እኔም በክፍል የተማርኩትን አስታውሼ፣ «እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣል» አልኳቸው።

«ማን አየው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ነገሩ ግን የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በመንደሩ ጉዳዩ አከራካሪ ሆኗል። ወጣቶቹ ክረምት ላይ መረቡን ገባር ወንዙ አፍ ላይ መዘርጋት ይፈልጋሉ፤ ዓሣው እዚያ ይሰበሰባል ባዮች ናቸው። ሽማግሌዎቹ «እርጉዝ ከብት ይታረዳል ወይ?» እያሉ ይቃወማሉ። ሌሎች ደግሞ ሐይቁ በሙሉ ለሦስት ወር ይዘጋ ይላሉ፤ ያን ጊዜ አጎቴን የመሰለ በዓሣ የሚተዳደር ሰው ምን ይብላ? ሁሉም የሚናገረው ከልቡ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚናገረው በግምት ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ዓሣ በውኃ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ ለመከታተል በዓለም ላይ የሚሠራበትን አኮስቲክ ታግ ወይም ድምፅ ሰጪ መለያ የሚባለውን መሣሪያ አሠራር፣ ጥቅምና ጉድለት ለማሳየት እሞክራለሁ። በቅድሚያ በአገራችን ስለ ዓሣ ፍልሰት የተሻለ ጥናት ከተደረገበት ከጣና ሐይቅ እንነሣለን።

1. ከጣና የተገኘ ትምህርት

ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ስለሚገኝ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ እርሱ መውጣት አይችልም። በዚህ መነጠል የተነሣ በሐይቁ ውስጥ ላቤዎባርበስ ከሚባለው ወገን (በእኛ አነጋገር ቢልጫ) በሌላ ቦታ የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች ተፈጥረዋል። እነዚህን ዝርያዎች ሌዎ ናገልከርከ እና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለይተው ገልጸዋቸዋል። ከእነርሱም በኋላ እንደ አበበ ጌታሁን፣ እሸቴ ደጀንና ዋሴ አንተነህ ያሉ የአገራችን ምሁራን ሥራውን ቀጥለውበታል።

ጥናቱ ምን አሳየ? ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ጉዞው የሚደረገው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሲሆን የሚበረታው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ዓሦቹ በመጀመሪያ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ቀጥሎ ወደ ላይ ወጥተው ውኃው ጥርት ብሎ በሚፈስባቸው፣ መሬቱ ጠጠር በሆነባቸው ትናንሽ ገባሮች ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። እንቁላሉ በጠጠሩ መሐል ገብቶ ከሚፈሰው ውኃ ኦክስጅን ያገኛል፤ ደለል የሸፈነው እንደሆነ ግን ታፍኖ ይሞታል።

ታዲያ ይህ የመሰብሰብ ጠባይ ዓሣውን ለጉዳት ዳረገው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ከገባ በኋላ በርካታ አሥጋሪ በክረምት መረቡን የወንዝ አፍ ላይ ይዘረጋ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ምርት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ አስታውቀዋል። የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም በባሰ ሁኔታ ወርዶ ነበር። በአንጻሩ በሐይቁ ውስጥ የሚራቡት እንደ ቆሮሶ ያሉት ዓሦች እንዲህ ዓይነት ጉዳት አልደረሰባቸውም። የመንደራችን ሽማግሌዎች «እርጉዝ ከብት ይታረዳል ወይ?» ያሉት ነገር ጣና ላይ ደርሶ ታይቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ እንበል። ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው በመረብ ነው። ተመራማሪው በተለያየ ወርና በተለያየ ቦታ መረብ ይጥላል፤ የተያዘውን ይቆጥራል፤ ሆዱን ከፍቶ እንቁላሉ የበሰለ መሆኑን ያያል። ዘዴው ጥሩ ነው። ነገር ግን በመረብ የተያዘ ዓሣ የሚነግረን አንድ ቀን አንድ ቦታ መኖሩን ብቻ ነው። ትናንት የት ነበር? ካልተያዘ ነገ የት ይሄድ ነበር? ጉማራ ውስጥ የተፈለፈለ ዓሣ አድጎ ሲራባ ተመልሶ ወደ ጉማራ ነው የሚሄደው ወይስ ወዳገኘው ወንዝ? የወንዙ አፍ ላይ የሚቆየው ለሁለት ቀን ነው ወይስ ለሁለት ሳምንት? የሞተ ዓሣ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሰጥም። መልሱ ያለው በሕይወት ካለው ዓሣ ዘንድ ነው።

2. ድምፅ ለምን ተመረጠ?

ዓሣን በሕይወት እያለ ለመከታተል መጀመሪያ በአእምሮ የሚመጣው ምልክት ማድረግ ነው። እኛም ሁለተኛ ዓመት ላይ ለቡድን ሥራ አንድ ገበሬ ኩሬ ውስጥ ባሉ ጥቂት ቆሮሶዎች የጀርባ ክንፍ ላይ ቀይ ክር አስረን ነበር። በሳምንቱ ስንመለስ ክሩን ያገኘነው ኩሬው ዳር በጭቃ ላይ ሲሆን ዓሦቹን ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተን። በትክክለኛ የፕላስቲክ መለያ ቢሠራም እንኳ ያው ዓሣው እንደገና እስኪያዝ መጠበቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ሬድዮ ነው። ሬድዮ በአየር ውስጥ ሩቅ ይሄዳል፤ ውኃ ውስጥ ግን ቶሎ ይዳከማል። ውኃው ጥልቅ በሆነ ቁጥር፣ በውስጡም የሟሟ ጨው በበዛ ቁጥር የሬድዮው ሞገድ ወደ ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። ስለዚህ ሬድዮ የሚያገለግለው ጥልቀት በሌለው፣ ጨው በሌለበት ወንዝ ውስጥ ነው።

ድምፅ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በአየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ግን በሰከንድ 1,480 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ውኃው ደፍርሶ ዓይን የማያሳይ ቢሆንም ድምፅ ያልፋል። እንደ ዓባያ ቀይ የሆነ ሐይቅ ውስጥ ካሜራ ቢገባ ጭጋግ እንጂ ሌላ አያይም፤ ጆሮ ግን ይሰማል። በአጭሩ፣ ውኃ ውስጥ ካየ ይልቅ የሰማ ይሻላል።

ድምፅ የሚሰጥ መለያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ሲሆን የተሞከረውም ሳልሞን በሚባለው ዓሣ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባትሪው እያነሰ፣ መለያው እየጠበበ መጥቶ ዛሬ ክብደታቸው ከአንድ ግራም በታች የሆኑ መለያዎች አሉ።

3. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ዓሣው የሚሸከመው ድምፅ ሰጪ ነው፤ ሁለተኛው ውኃ ውስጥ ተተክሎ የሚያዳምጠው ሪሲቨር ነው።

ድምፅ ሰጪው እንደ ትንሽ የመድኃኒት እንክብል የሚመስል ሲሆን በውስጡ ባትሪ፣ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ክፍልና የሚንቀጠቀጥ ሴራሚክ አለው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ድምፅ 69 ኪሎኸርዝ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ስለሆነ አጠገቡ ብንቆም እንኳ አንሰማውም። መለያው ድምፁን ያለማቋረጥ አይለቅም። ጥቂት አጫጭር ምቶችን በተወሰነ ልዩነት ያሰማና ዝም ይላል። በምቶቹ መሐል ያለው የጊዜ ልዩነት ቁጥር ይሆናል፤ ያ ቁጥር የዓሣው መታወቂያ ነው። ይህን ለመረዳት ቤተኛ ሰው በር ሲያንኳኳ ከአመታቱ የምናውቀውን ማሰብ ይበቃል።

እዚህ ላይ ችግር ይነሣል። ሁለት ዓሦች እኩል ቢያንኳኩስ? ምቶቹ ይደባለቁና ሪሲቨሩ ወይ ምንም አይጽፍም ወይ የሌለ ቁጥር ይጽፋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መለያ የሚያርፍበት ጊዜ እኩል እንዳይሆን ይደረጋል፤ ለምሳሌ አንዴ ከ70 ሰከንድ በኋላ፣ አንዴ ከ150 ሰከንድ በኋላ እንዲያንኳኳ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ አሁን ቢጋጩም በሚቀጥለው ጊዜ ይለያያሉ። ማረፉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባትሪው ይቆጠባል። ትናንሾቹ መለያዎች ለሳምንታት ወይም ለወራት፣ ትላልቆቹ ደግሞ ለዓመታት ይሠራሉ።

ሪሲቨሩ ሃይድሮፎን የሚባል የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን አለው። ከታች በመልሕቅ፣ ከላይ በተንሳፋፊ ተወጥሮ በገመድ ላይ ይታሰራል። ቁጥሩን በሰማ ጊዜ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ይመዘግባል። ተመራማሪው በየጥቂት ወሩ በጀልባ ሄዶ መዝገቡን ይገለብጣል። አንድ ሪሲቨር የሚሰማው ርቀት እንደ ቦታው ከጥቂት አሥር ሜትሮች አንሥቶ እስከ ብዙ መቶ ሜትሮች ይደርሳል።

አንድ ሪሲቨር «ዓሣው እዚህ አካባቢ ነው» ይለናል እንጂ ትክክለኛውን ነጥብ አይነግረንም። ሰዓታቸው እኩል የተሞላ ሦስትና ከዚያ በላይ ሪሲቨሮች አንዱን ድምፅ ከሰሙት ግን ነጥቡን ማስላት ይቻላል። እንበልና ሀ የተባለው ሪሲቨር ድምፁን ለ ከተባለው በ0.05 ሰከንድ ቀድሞ ሰማ። 0.05 በ1,480 ሲባዛ 74 ይሆናል። ስለዚህ ዓሣው ከለ ይልቅ ለሀ በ74 ሜትር ይቀርባል ማለት ነው። ሦስተኛው ሪሲቨር ሲጨመር የሚስማማው ቦታ አንድ ነጥብ ላይ ይጠብባል። የሒሳብ ትምህርት ለምን ይጠቅማል ለሚሉ ጓደኞቼ መልሱ ይኸው!

4. መለያውን ዓሣው ላይ ማኖር

ይህ የሥራው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ክፍል ነው። መለያው በውጭ በኩል ጀርባው ላይ ሊታሰር ይችላል፤ በአፉ በኩል ወደ ጨጓራው ሊገባ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ጥናት ግን የሚመረጠው በቀዶ ጥገና ሆዱ ውስጥ ማኖር ነው።

በመጀመሪያ ዓሣው ማደንዘዣ ባለበት ውኃ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ሁላችንም የምናውቀው የቅርንፉድ ዘይት ነው። ዓሣው መገለባበጥ ሲጀምርና ሲነካ ዝም ሲል በጀርባው ይተኛል፤ ስንጥቡ እንዳይደርቅ ውኃ በአፉ በኩል ያለማቋረጥ ይፈስለታል። ሆዱ ላይ መለያው የሚያስገባ ያህል ብቻ ይቀደዳል፤ መለያው ይገባል፤ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ይሰፋል። እጁ የለመደ ሰው ይህን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከዚያ ዓሣው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሚዛኑን ጠብቆ መዋኘት እስኪጀምር ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይለቀቃል።

የመለያው ክብደትም ወሳኝ ነው። ለብዙ ዘመን የተሠራበት ልማድ መለያው ከዓሣው ክብደት 2 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው። 9 ግራም የሚመዝን መለያ የሚገባው ቢያንስ 450 ግራም ለሚመዝን ዓሣ ነው ማለት ነው። ደንቡ ለሁሉም ዝርያ እኩል ይሠራል ባይባልም ለጀማሪ ጥሩ ገደብ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሸክም የከበደበት ዓሣ የሚያሳየን የራሱን ጠባይ ሳይሆን የሸክሙን ጠባይ ነው።

5. መዝገቡን ማንበብ

አንዳንዱ ሰው መሣሪያው ከተተከለ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እንዲያውም የሚጀምረው ያኔ ነው። አንድ ምሳሌ ፈጥረን እንመልከት። ሐይቅ ላይ አራት ሪሲቨሮች አሉን እንበል። አንደኛው ግድቡ አጠገብ፣ ሁለተኛው ሐይቁ መሐል፣ ሦስተኛው የገባር ወንዙ አፍ ላይ፣ አራተኛው ከወንዙ አፍ ወደ ላይ ባለ ጸጥ ያለ ባሕር ውስጥ። ዓሣ ቁጥር 17 ግንቦትን በሙሉ በሁለተኛው ተሰማ። ሰኔ 20 በሦስተኛው ተሰማ፤ እዚያም እስከ ሐምሌ 6 ቆየ። ሐምሌ 7 ሌሊት አራተኛው ላይ ተሰምቶ ጠፋ። ነሐሴ 2 አራተኛው ላይ፣ በማግሥቱ ሦስተኛው ላይ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሁለተኛው ላይ ተሰማ።

ይህ ዓሣ 16 ቀን ወንዝ አፍ ላይ ጠብቆ፣ በሌሊት ወንዝ ገብቶ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ላይ ቆይቶ ተመልሷል። አጎቴ «ማን አየው?» ላሉት ጥያቄ መልሱ ይኸ ነው። ማንም አላየውም፤ ነገር ግን ተሰምቷል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ሊያታልል ይችላል። ከማታለያዎቹ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የሞተ ዓሣ። አንድ ቁጥር ለወራት አንድ ሪሲቨር ላይ ብቻ ያለ ለውጥ ከተሰማ ዓሣው ሰፈሩን ወዶ ላይሆን ይችላል። ሞቶ ወይም መለያው ወድቆ መሬት ላይ ተኝቶ ይሆናል።

ለ) የተበላ ዓሣ። በላተኛው መለያውን ከነዓሣው ስለሚውጠው ቁጥር 17 ብለን የምንከተለው አዞ ሊሆን ይችላል። ጉዞው በድንገት ከተለወጠ መጠርጠር ይገባል።

ሐ) የሐሰት ቁጥር። የሁለት መለያዎች ድምፅ ተደባልቆ ሌላ ቁጥር ሊፈጥር ይችላል። በመሆኑም በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰማ ቁጥር ሌላ ማስረጃ ካላገኘ አይታመንም።

መ) የዝምታ ትርጉም። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሪሲቨሩ አልሰማም ማለት ዓሣው የለም ማለት አይደለም። ዝናብ ሲወርድ፣ ነፋስ ሞገድ ሲያስነሣ፣ ሞተር ጀልባ ሲያልፍ፣ ውኃው በአረፋ ሲሞላ የሚሰማው ርቀት ያጥራል። ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ቦታው የሚታወቅ አንድ መለያ ከሪሲቨሩ በተለካ ርቀት ላይ ተክሎ መተው ነው። የማይንቀሳቀሰው መለያ በሌሊት አነስ ብሎ ከተሰማ የቀነሰው የዓሣው እንቅስቃሴ ሳይሆን የጆሮው አቅም ነው። በአውስትራሊያ ኩትልፊሽ በሚባል የባሕር እንስሳ ላይ በተደረገ ጥናት መዝገቡ በቋሚ መለያ ሲታረም መጀመሪያ የታየው የቀንና የሌሊት ጠባይ ተቀይሮ ተገኝቷል። ያለዚያ እርማት ስህተቱ እንደ እውነት ታትሞ በቀረ ነበር።

6. በሌላው ዓለም

ይህ ዘዴ ብዙ ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የኮሎምቢያ ወንዝ ነው። በዚያ ወንዝ ላይ ግድቦች በተከታታይ ተሠርተዋል፤ የሳልሞን ጫጩቶች ደግሞ ወደ ባሕር ለመድረስ እነርሱን ማለፍ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ መመሪያ እያንዳንዱን ትልቅ ግድብ ከሚያልፉት ጫጩቶች በጸደይ ከሚወርዱት 96 ከመቶ፣ በበጋ ከሚወርዱት ደግሞ 93 ከመቶ በሕይወት እንዲያልፉ ተወሰነ። ታዲያ ይህ መሟላቱ በምን ይለካል? ጫጩቶቹ ላይ ጥቃቅን ድምፅ ሰጪ ተደርጎ ከግድቡ በላይና በታች በማዳመጥ ነው። መሣሪያው ሳይኖር ሕጉ ወረቀት ብቻ በሆነ ነበር።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በባሕር ዳርቻዋና በወንዝ አፎቿ ሪሲቨሮችን ዘርግታ ተመራማሪዎቿ በጋራ ይጠቀሙበታል። ይህ አሠራር ለድሃ አገር ጥሩ ትምህርት አለው። ሪሲቨሩ የጋራ ስለሆነ አንዱ የለቀቀውን ዓሣ የሌላው ሪሲቨር ይሰማለታል፤ እንደ ደቦ ማለት ነው።

7. ወደ ደጃችን ስንመለስ

የጊቤ 3 ግድብ ከፍታው 243 ሜትር ነው። ውኃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን የተመረቀው ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ወደ ኋላ የተኛው ሐይቅ ርዝመቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ጠባብና ጥልቅ ነው። ከምዕራብ ጎጀብ ይገባበታል፤ ከእኛ በኩል ደግሞ ከሐድያ፣ ከከምባታና ከጠምባሮ ደጋ የሚወርዱ ወንዞች ይገቡበታል። በአንድ ትውልድ ውስጥ የሚፈስ ወንዝ ወደ ቆመ ውኃ ተለወጠ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ ዓሣውን ሁሉ እኩል አይነካም። ቆሮሶ በቆመ ውኃ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ስለሚያሳድግ አዲሱ ሐይቅ ሊስማማው ይችላል። አምባዛ ዝናብ ሲመጣ ሣር የሸፈነው ረግረግ ያስፈልገዋል። ቢልጫ ግን እንደ ጣናው ወገኑ ጠጠርና የሚፈስ ጥርት ያለ ውኃ ይሻል። ያ ጠጠር ዛሬ ከሐይቁ በላይ ባሉት ገባሮች ውስጥ ብቻ ቀርቷል። እንግዲህ የወንዙ አፍ ለቢልጫ እንደ ቤት ደጃፍ ነው። ደጃፉ ላይ መረብ ከተወጠረ ቤቱ ቢሰፋ ምን ይጠቅማል?

በዚህ ሐይቅ ላይ ጥናት ቢታቀድ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ይመስለኛል። ሐይቁ ጠባብ መሆኑ ይጠቅማል፤ ውኃውን አቋርጠው የሚቆሙ ጥቂት ሪሲቨሮች እንደ ኬላ ሆነው የሚያልፈውን ሁሉ ሊሰሙ ይችላሉ። በየገባሩ አፍ አንድ አንድ ይተከላል። የገባሮቹ ውስጥ ግን ችግር አለ። ክረምት ላይ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ፣ አረፋ እየደፈቀ ስለሚወርድ ድምፅ ሰጪ እዚያ አይሰማም፤ ሪሲቨሩንም ጎርፍ ይወስደዋል። ስለዚህ ወንዙ ውስጥ ሬድዮ፣ ሐይቁ ውስጥ ድምፅ እየተባለ ሁለቱን ማጣመር ይሻላል። የሐይቁ ከፍታ ግድቡ ኃይል ሲያመነጭ ስለሚወርድና በክረምት ስለሚወጣ የመልሕቁ ገመድም ይህን አስቦ መለካት አለበት።

በምሥራቅ በኩል ያለው የቢላቴ ወንዝም ሊረሳ አይገባም። ከደጋችን ተነሥቶ ወደ ዓባያ ሐይቅ የሚገባው ቢላቴ ለዓባያ ዓሣ ክረምት ላይ መንገድ ሊሆን የሚችል ወንዝ ነው። በሻሾጎ የሚገኘው ቦዮም በዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ደጋው ላይ የሚታረሰው ዳገት የሚያወርደው ደለል ጠጠሩን የሚሸፍን ከሆነ ጉዳዩ የአሥጋሪው ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የአራሹም ጉዳይ ነው።

መሣሪያው ውድ ነው፤ ከውጭም ነው የሚመጣው። እርሱ እስኪመጣ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። የእኛ የተማሪዎች አቅም የሚፈቅደው ቢያንስ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ መለያ በትክክለኛ መርፌ ከጀርባው ክንፍ ሥር ማድረግና አሥጋሪዎች ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን እንዲነግሩን መጠየቅ። ሁለተኛ፣ በየወሩ የተያዘውን ዓሣ እንቁላል ማየትና መመዝገብ። ሦስተኛና ዋናው፣ አሥጋሪውን መጠየቅ። አጎቴ ቢልጫ የሚጠፋበትን ሳምንት ከዝናቡ ጋር አያይዘው ያውቁታል፤ ሪሲቨር የት መተከል እንዳለበት ከእርሳቸው የተሻለ የሚነግረን የለም።

አሥጋሪው ካላመነን መሣሪያውም አይሠራም። መለያ ያለበት ዓሣ በመጨረሻ የሚገባው እርሱ መረብ ውስጥ ነው። ምን እንደሆነ ካልተነገረው መለያውን ወርውሮ ዓሣውን ይሸጣል፤ አይፈረድበትም። ከተነገረውና ትንሽ ወሮታ ከተከፈለው ግን ቁጥሩን ይዞ ይመጣል።

ማጠቃለያ

በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። አዋጅ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የትኛው ወንዝ አፍ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው በየቦታው ያለው የዓሣው ጠባይ ነው። ዕውቀቱ ከሌለ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀራል፤ ወይ ሁሉንም መዝጋት ወይ ሁሉንም መፍቀድ። የመጀመሪያው ሰውን ያስርባል፤ ሁለተኛው ዓሣውን ይጨርሳል፤ ቆይቶም ያንኑ ሰው ያስርባል። ዕውቀቱ ካለ ግን አንድ ወንዝ አፍ ለጥቂት ሳምንት ተዘግቶ የቀረው ሐይቅ ክፍት ሊሆን ይችላል። ድምፅ ሰጪ መለያ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ ስዘጋጅ አጎቴ ሆሳዕና ለገበያ መጥተው አገኘኋቸው። ዓሣው ሆድ ውስጥ የምትገባ፣ በየደቂቃው የምታንኳኳ ነገር እንዳለች ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ «ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን ከላይኛው ወንዝ አፍ ጀምሩ፤ እዚያ ነው ሐምሌ መግቢያ ላይ ውኃው ሌሊት የሚንቦጫረቀው» አሉኝ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። የጥናታችን የመጀመሪያው መዝገብ እርሱ ይሁን።